የፊት አክስሉ ለምን ያፈሳል? አሮጌ ላንድ ክሩዘር ላላችሁ

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ያለው ሰው ይህን ምልክት ሳያየው አይቀርም። ከፊት ጎማው በስተውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ወርዶ አቧራ ይዞ ደርቋል። መኪናው ካደረበት ሲነሳ መሬቱ ላይ ጥቂት ጠብታ ይቀራል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያይና "ፓራኦሊዮ ነው፣ እንቀይረው" ይላል። ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ባለ ጎማ ቀለበት ማለቱ ነው። ልክ ነው። ግን የትኛው ፓራኦሊዮ? ደግሞስ ለምን ተበላሸ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚቀየር ፓራኦሊዮ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ያፈሳል። ባለቤቱም "ዕቃው ፎርጅድ ነበር" ብሎ ሌላ ይገዛል።

እዚህ የማወራው የፊት አክስላቸው ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ስለሆነ ላንድ ክሩዘሮች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው 40 የሚባለው ሞዴል፣ በ1980 የመጣው 60፣ በ1984 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የሚመረተው 70፣ በ1990 ብቅ ያለው 80፣ ሁሉም በዚህ በኩል አንድ ቤተሰብ ናቸው። የገጠር አምቡላንስ፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና፣ ቱሪስት ይዞ ወደ ኦሞና ወደ ዳሎል የሚወርደው መኪና ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። የኒሳን ፓትሮልና የሱዙኪ ሳሙራይ የፊት አክስልም በአሠራሩ ይቀራረባል። አዳዲስ ፕራዶ የያዛችሁ ግን ይለፋችሁ። የእናንተ የፊት እግር ሌላ ዓይነት ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ከአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ የብረት ኳስ አለ። ናክል የሚባለው ክፍል ይህን ኳስ በእፍኝ እንደተያዘ ብርቱካን ከውጭ አቅፎታል። መሪ ስታዞሩ ኳሱ ንቅንቅ አይልም። የሚዞረው ያቀፈው ናክል ነው። ናክሉን ከላይና ከታች የያዙት ሁለት ትንንሽ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ናቸው። እነዚህን ኩሽኔታዎች ልብ በሏቸው፤ የታሪኩ ዋና ተዋናዮች እነሱ ናቸው።

ኳሱ ውስጥ ቢርፊልድ የሚባል መገጣጠሚያ ተቀምጧል። ከዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት፣ የሚመጣው ዘንግ ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማው ግን ግራና ቀኝ ይታጠፋል። ኃይሉ ሳይቋረጥ በዚያ መታጠፊያ የሚያልፈው በቢርፊልዱ በኩል ነው።

እንግዲህ እዚህ ሰፈር ሁለት ዓይነት ቅባት አለ። ዲፈረንሻሉና ቱቦው ውስጥ ቀጭን የማርሽ ዘይት አለ። ኳሱ ውስጥ ቢርፊልዱን የሚያለሰልስ ወፍራም ግሪስ አለ። ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ድንበራቸውን የሚጠብቀው ቱቦው ኳሱን በሚገናኝበት ቦታ ላይ የተተከለው የውስጠኛው ፓራኦሊዮ ነው። ክብ ብረት ነው፣ ከውስጡ ቀጭን የጎማ ከንፈር አለው፣ ከከንፈሩ ጀርባ ደግሞ የሚያጠብቀው ትንሽ ሞላ አለ። ዘንጉ መሀሉን አልፎ ሲሽከረከር ከንፈሩ ዙሪያውን ተጣብቆ ዘይቱን ይመልሳል።

ከውጭ በኩል፣ ናክሉ ኳሱን በሚያቅፍበት ጠርዝ ላይ ሌላ ነገር አለ። እሱም ፌልት (ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ)፣ ጎማና የብረት ቀለበት ተደራርበው በትንንሽ ብሎኖች የታሰሩበት መጥረጊያ ነው። ሥራው አቧራና ጭቃ እንዳይገባ ኳሱን መጥረግ፣ ግሪሱም ዝም ብሎ እንዳይወጣ መከላከል ነው። ቀጭን ዘይት እንዲይዝ አልተሠራም።

አሁን የሚፈሰውን ነገር መረዳት ይቻላል። የውስጠኛው ፓራኦሊዮ ሲላላ የማርሽ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይገባል። ግሪሱን ያቀጥነዋል። የቀጠነው ድብልቅ ደግሞ የውጩን መጥረጊያ አልፎ ይወርዳል። እናንተ የምታዩት የውጩን ነው። የተበላሸው ግን የውስጡ ነው። ስለዚህ የውጩን መጥረጊያ ብቻ ቀይሮ "ጨርሻለሁ" የሚል ሰው ብራችሁን ነው የሚያፈሰው። ይህን ደግሞ ብዙ ቦታ ያደርጉታል። የውጩ ጥቂት ብሎን ፈትቶ የሚያልቅ ሲሆን፣ የውስጡ ግን የፊት እግሩን በሙሉ ማፍረስ ይጠይቃል።

እውነት እያፈሰሰ ነው?

ኳሱ ላይ ስስ የግሪስ ሽፋን መታየቱ ጤነኛ ነው። እንዲያውም ደረቅና ዝገት የያዘ ኳስ ነው የሚያሳስበው። የሚያሳስበው ሌላው ነገር ጠብታና መስመር ሠርቶ የሚወርድ ቀጭን ነገር ነው። በጣት ወስዳችሁ አሽትቱት። የማርሽ ዘይት ድኝ ድኝ ይሸታል፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ግሪስ እንዲያ አይሸትም።

ናክሉ ላይ ከላይ በኩል አራት ማዕዘን ራስ ያላት መድፈኛ ብሎን አለች። አካባቢዋን በደንብ ጠርጋችሁ ፈቷትና ንጹሕ ሽቦ ክተቱ። ሽቦው ላይ ወፍራም ግሪስ ተጣብቆ ከወጣ ደህና ነው። ቀጭን ሆኖ ከተንጠባጠበ የውስጠኛው ፓራኦሊዮ አልቆለታል። ክርክር የለውም።

ከዚያ የፊት ዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ክፈቱ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ መድረስ አለበት። ጣታችሁን አስገብታችሁ ካላገኛችሁት ምን ያህል እንደጠፋ ገምቱ። ቀለሙንም እዩ። ጠቆር ብሎ ግሪስ ግሪስ ካለ የኳሱ ቅባት ወደ ውስጥም እየገባ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቅባቱ የሚታየው የፍሬን ዲስኩ ላይ ወይም ከጎማው በስተውጭ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታም ደርሷል ማለት ነው። ድብልቁ በስፒንድሉ፣ ማለትም ናክሉ ላይ በታሰረው ውስጡ ባዶ በሆነ ብረት፣ ውስጥ አልፎ ጎማው ወደሚታሰርበት ሞዞ ሊገባ ይችላል። እዚያ ሲደርስ የጎማ ኩሽኔታዎቹን ግሪስ ያጥባል። የሞዞው ፓራኦሊዮ ካልያዘው ደግሞ ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ይቀባል። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ቀልድ አይደለም፤ አታሽከርክሩት።

ፍሬኑ ደህና ከሆነስ ለምን ያህል ጊዜ ሊነዳ ይችላል? ትንሽ የሚያልብ ከሆነ የዘይቱን ልክ እያያችሁና እየጨመራችሁ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ቢርፊልዱ የማርሽ ዘይት በተቀላቀለበት ግሪስ ወዲያው አይሞትም። የሚጎዳው ዘይቱ የጎደለበት ዲፈረንሻልና የታጠበው የጎማ ኩሽኔታ ነው። እኔ ብሆን በዚህ ሁኔታ ከተማ ውስጥ እነዳለሁ፣ ረጅም የገጠር መንገድ ግን አልጀምርም።

ፓራኦሊዮው ለምን ሞተ?

ዕድሜ አንዱ መልስ ነው። ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሞላው ጉልበት ያጣል። ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ላይ ይህ አይገርምም። ግን አዲስ ፓራኦሊዮ ገብቶ በአጭር ጊዜ ካፈሰሰ ዕድሜ መልስ ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ ፓራኦሊዮው ተጎጂ ነው፣ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ቅድም ልብ በሏቸው ያልኳችሁ የናክል ኩሽኔታዎች ናቸው። እነሱ ሲላሉ ናክሉ በኳሱ ዙሪያ ይወዛወዛል። ናክሉ ስፒንድሉን ይዟል፣ ስፒንድሉ ደግሞ የቢርፊልዱን ጫፍ ይዟል። ስለዚህ ዘንጉ ከመሀል ሸሸት ይላል። የፓራኦሊዮው ከንፈር በአንድ ወገን ይጨመቃል፣ በሌላ ወገን ይከፈታል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ኦሪጅናልም ሆነ ሌላ፣ ዘንጉ መሀሉን ለቆ የሚሽከረከርበት ፓራኦሊዮ አይቆይም።

ይህን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። ፊቱን በክሪክ አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ከተወዛወዘ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬን ሲያዝ ውዝዋዜው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የናክሉ ነው። ረዳት፣ ክሪክና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህን ሳያደርግ ዕቃ ግዛ የሚላችሁን መካኒክ ጠርጥሩት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘንጉ ራሱ ነው። የጎማ ከንፈር ብረት ይበላል ቢባል ሰው አያምንም፤ ግን ከንፈሩ ላይ የተጣበቀ አቧራና ዝቃጭ በዓመታት ውስጥ ዘንጉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጥፍራችሁን በዘንጉ ላይ አንሸራቱ። ጥፍሩ ከያዘ አዲሱ ከንፈርም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ አይገጥምም።

ሦስተኛውን ማንም አያየውም። እሱም የአክስሉ መተንፈሻ ነው። ቱቦው ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ፣ በአንዳንዱ መኪና ደግሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ብሏል። በጭቃ ሲደፈን አክስሉ የታፈነ ዕቃ ይሆናል። ውስጡ ያለው አየር ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 80 ቢሞቅ ግፊቱ ወደ 16 በመቶ ይጨምራል። እዚህ ላይ የኛን አገር መልክዓ ምድር ጨምሩበት። ከዓባይ ድልድይ ተነሥታችሁ ደጀን ስትወጡ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ትጨምራላችሁ። የውጩ አየር ግፊት ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ዘይቱም በዳገቱ እየሞቀ ነው። ውስጡ ይገፋል፣ ውጩ ይለቃል፣ በመሀል ያለው የፓራኦሊዮው ቀጭን ከንፈር ነው። ከዚያ ዘይት ቢያልፍ ምን ይደንቃል?

በተቃራኒውም ይሠራል። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ በፓራኦሊዮው በኩል ውኃ ይስባል። ያ ወተት የመሰለ ዘይት አንዱ ምንጩ ይኼ ነው። መተንፈሻውን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብና በአፍ እፍ ብሎ መሞከር ምንም አያስከፍልም። ወንዝ የሚያበዛ ሰው በጎማ ቱቦ ወደ ላይ ቢያወጣው ደግሞ ይበልጥ ይሻለዋል።

ቀሪዎቹን ቶሎ ልጥቀሳቸው። ዘይቱን ከልኩ በላይ መሙላት ያፈሳል። የላላ የጎማ ኩሽኔታ ልክ እንደ ናክሉ ዘንጉን ያናውጣል። የፊት ጎማዎቹ ከዘንጉ ጋር በእጅ የሚቆለፉበት መኪና ላይ ደግሞ የፊት ዘንጎች ለወራት ሳይሽከረከሩ ይቆያሉ፤ ከንፈሩ ይደርቃል። ቶዮታ ራሱ የፊት አክስሉ ቅባት እንዲያገኝ በወር አንዴ ቢያንስ 16 ኪሎሜትር በአራቱም ጎማ ንዱ የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አስፋልት ላይ ሳይሆን ኮረኮንች ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ራሳችሁ የምትሠሩም ሆነ ጋራዥ ቆማችሁ የምታዩ፣ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዲፈረንሻሉ አይፈታም። "ዲፈረንሻል ካልወረደ አይሆንም" የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ አስተማማኝ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ይወርዳል። ጎማው ይወጣል። የፍሬን ሸራውን የያዘው ካሊፐር ተፈትቶ በሽቦ ይሰቀላል፤ በፍሬን ቱቦው መንጠልጠል የለበትም።

ቀጥሎ ከሞዞው ፊት ያለው ክዳን ይፈታል። ዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች ተቀርቅረዋል። ዳዶዎቹን ላላ አድርጎ በናስ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ሲያደርጉት ሮንዴላዎቹ ይዘላሉ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ጠርዙን ያበላሻል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው የሞላ ቀለበት ትወጣለች። ከዚያ የጎማ ኩሽኔታውን የሚያስሩት ሁለቱ ትላልቅ ዳዶዎች ይመጣሉ። ቁልፋቸው 54 ሚሊሜትር ነው። ብዙ መካኒክ ግን በመሮና በመዶሻ ነው የሚፈታቸው። የዳዶው ጠርዝ ተቀጥቅጦ ካያችሁ ከናንተ በፊት ማን እንደነካው ገብቷችኋል። ትክክለኛው ቁልፍ ውድ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ግዙና መኪናው ውስጥ ይቀመጥ።

ሞዞውና ዲስኩ አብረው ይወጣሉ። ከኋላው ስፒንድሉ አለ። ብሎኖቹ ተፈትተው በጥቂቱ ሲመታ ይላቀቃል፣ ያን ጊዜ ጥቁሩ ድብልቅ ይፈሳል። ሥሩ ሰፋ ያለ ዕቃ አስቀምጡ። ቢርፊልዱና ዘንጉ አንድ ላይ ተስበው ይወጣሉ። የቢርፊልዱ ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ ካልሆነ ግን እምቢ ይላል። እሱን ሳያውቅ በጉልበት የሚታገል ሰው ብዙ ነው።

አሁን የውስጠኛው ፓራኦሊዮ በዓይን ይታያል። ትልቁ ፈተናም እዚህ ይመጣል። ብዙ ጋራዥ ከዚህ ላይ አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን መትቶ፣ መልሶ ይገጥማል። ናክሉን አይነካም። እኔ ይህን አልመክርም። እስከዚህ ከተፈታ በኋላ ለናክሉ የሚቀረው ሥራ የመሪው ክንድና የኩሽኔታዎቹ ክዳን ነው። ኩሽኔታዎቹ ምን እንደሚመስሉ የሚታወቀው ሲፈቱ ብቻ ነው።

የመሪው መገጣጠሚያ በመንቀያ ይለቀቃል፣ ክንዱና ክዳኑ ይወጣሉ። ከሥራቸው ሺም የሚባሉ ስስ የብረት ማስተካከያ ንጣፎች ታገኛላችሁ። ትኩረት! የላይኛው የላይኛው፣ የታችኛው የታችኛው፣ የግራው የግራው፣ የቀኙ የቀኙ ሆኖ ለየብቻ ይቀመጥ። በየላስቲኩ አድርጋችሁ ጻፉበት። የሺሞቹ ጠቅላላ ውፍረት ኩሽኔታው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ይወስናል። ከላይና ከታች ያላቸው ክፍፍል ደግሞ ናክሉ ከዘንጉ ጋር መሀል ለመሀል እንዲገጥም ያደርጋል። ከተደባለቁ ዘንጉ ከመሀል ይሸሻል፣ አዲሱ ፓራኦሊዮም ወደ አሮጌው ዕጣ ይሄዳል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ በልዩ መለኪያ ተስተካክሏል። ያ መለኪያ በየጋራዡ ስለማይገኝ፣ ያለውን ሺም በቦታው መመለስ ከሁሉ ይሻላል።

የወጡትን ኩሽኔታዎችና የተቀመጡበትን ቀለበት ጠርጋችሁ በብርሃን እዩ። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የኩሽኔታው ጥቅሎች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ይቀጠቅጣሉ። ቀለበቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ ጭረቶች ካያችሁ እሱ ነው። መሪው መሀል ላይ ቆርጠም የሚል ስሜት ካለው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኼው ነው። ይቀየሩ፤ ኩሽኔታው ብቻ ሳይሆን ኳሱ ውስጥ የተመታው ቀለበትም ጭምር። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ይታጠባል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ይበቃል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ነው፣ ይቅር። የኳሱ ውስጥ፣ ቢርፊልዱ፣ ስፒንድሉ፣ አንድ እህል አሸዋ እስከማይቀር ድረስ። የኳሱ ውጫዊ ገጽ ዝገት ካለው በደቂቅ ካርታ ቬትራ ይለስልስ፤ አለበለዚያ አዲሱን መጥረጊያ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ቢርፊልዱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በእጅ ይፈተሽ። መሪ እስከ ጥግ ታጥፎ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ይል ከነበረ ውስጡ ተበልቷል። 80 ብዙውን ጊዜ በአራቱም ጎማ ሳያቋርጥ ስለሚነዳ ቢርፊልዱ የሚበላው ወደ ፊት በሚገፋበት ወገን ነው። ስለዚህ የግራውን ቢርፊልድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አቀያይሮ ያልተበላውን ወገን ማሠራት የታወቀ ዘዴ ነው። ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፣ ግን አዲስ እስኪገኝ ያቆያል። የውስጠኞቹ ዘንጎች ርዝመት ስለሚለያይ የሚቀያየረው ቢርፊልዱ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ዘንጉ ላይ ጉድጓድ ካለ ሦስት ምርጫ አለ። አንዱ ዘንጉን መቀየር ነው። ሁለተኛው ስስ የብረት እጅጌ ማልበስ ነው። ሦስተኛው አዲሱን ፓራኦሊዮ ቦታው በሚፈቅደው መጠን በጥቂቱ ሌላ ጥልቀት ላይ አድርጎ ከንፈሩ ያልተበላ ገጽ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ግን ይሠራል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ዘንጉን መላጨት ግን አይሆንም። ዘንጉ ይቀጥናል፣ ፓራኦሊዮውም ይሰፋበታል።

አዲሱ ፓራኦሊዮ ሲገባ ሞላ ያለበት ወገን ወደ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ወደ ዘይቱ ይዙር። የሚቀመጥበት ቦታ ጭረት እንዳይኖረው ይፈተሽ። ከንፈሩ ላይ ግሪስ ይቀባ። ዙሪያውን እኩል በሚገፋ ክብ ነገር ቀጥ ብሎ ይመታ። ቶርኖ ቤት አንድ ቀለበት ቢያስቀርጹ ለዘላለም ይሆናል። በመዶሻ ጫፍ ወዲህ ወዲያ እየቆነጠሩ ማስገባት ብረቱን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል።

የውጩ መጥረጊያ ናክሉ ከመመለሱ በፊት ቱቦው ላይ መጥለቅ አለበት። ናክሉ ከታሰረ በኋላ ትዝ ካላችሁ እንደገና ትፈታላችሁ። የፌልቱን፣ የጎማውንና የብረቱን አደራደር ስትፈቱ ፎቶ አንሱት። መጥረጊያው ከመታሰሩ በፊት ግን የናክሉ ጥብቀት ይለካል። የዓሣ ሚዛን የመሰለ ባለ ሞላ ሚዛን በክንዱ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ሳቡ። በቶዮታ መመሪያ መሠረት 80 ላይ ናክሉ መንቀሳቀስ ያለበት ከ3 እስከ 6 ኪሎ በሚሆን ጉተታ ነው። ከዚያ ካነሰ ላልቷል፣ ሺም ይቀነሳል። ከበለጠ ጠብቋል፣ ሺም ይጨመራል።

ቢርፊልዱ በሊቲየምና ሞሊብዲነም ቅልቅል ግሪስ፣ ቁጥር 2 በሚባለው፣ በእጅ መዳፍ እየተገፋ ውስጡ ድረስ ይሞላል። ኳሱም እስከ ሦስት አራተኛው ይሞላ። ሙሉ በሙሉ ማጨቅ አያስፈልግም። ከዚያ ዘንጉን ስትመልሱ የመጨረሻው ጥንቃቄ ይመጣል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች ስለታም ናቸው። ክብደቱን በእጅ ደግፋችሁ፣ ከንፈሩን ሳትነኩ በቀስታ ወደ ዲፈረንሻሉ ምሯቸው። ዘንጉ ፓራኦሊዮው ላይ ተጋድሞ ከተጎተተ ያን ሁሉ ሥራ በአንዲት ሰከንድ ታበላሹታላችሁ።

የጎማ ኩሽኔታዎቹም በዚሁ አጋጣሚ ታጥበው አዲስ ግሪስ ይግባባቸው፤ የሞዞው ፓራኦሊዮም ይቀየር። ዳዶው መጀመሪያ ጠበቅ ተደርጎ ሞዞው ወዲያ ወዲህ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይላላል፣ እንደገና በልኩ ይታሰራል፣ የመቆለፊያው ሮንዴላ ይታጠፋል። የማጥበቂያውን ልክ ከየመኪናው መመሪያ ውሰዱ። ሁለቱን ጎን አብሮ መሥራት ይሻላል፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው። መካኒኩ ሁለቱንም በአንድ ቀን ካልጨረሰ አታጣድፉት።

ዕቃ ስትገዙ

ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ስትሄዱ የመኪናውን ሞዴል ኮድና የሻሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። "የላንድ ክሩዘር የፊት ፓራኦሊዮ" ብቻ ብሎ መጠየቅ ዕጣ ማውጣት ነው። የ70 ዝርያ የሆኑት የ75ና የ79፣ እንዲሁም የ80 አንድ ላይሆን ይችላል። አሮጌውን ፈትታችሁ ካገኛችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ። ጋርኒሲዮኖቹን (በክፍሎቹ መገጣጠሚያ መሀል የሚገቡትን ስስ ማሸጊያዎች)፣ መጥረጊያውንና ፓራኦሊዮዎቹን በአንድ ካርቶን የያዘ ሙሉ ጥገና ኪት ካለ ይህ ይቀላል። ናክል ኩሽኔታው በኪቱ ውስጥ መኖሩን ግን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የለም።

ብር የማጥፋት ጉዳይ ከመጣ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። የውስጠኛው ፓራኦሊዮና የናክል ኩሽኔታው ጥሩ የጃፓን ይሁኑ። በእነሱ ላይ አትቆጥቡ። የውጩ መጥረጊያ ደህና ኮፒ ቢሆንም ያስኬዳል። "ፍሰት ያቆማል" ተብሎ ዘይት ላይ የሚጨመረውን ጠርሙስ ግን ተዉት። የፓራኦሊዮውን ጎማ ለጊዜው ያሳብጥ ይሆናል እንጂ ከመሀል የሸሸን ዘንግ አይመልስም። ወፍራም ዘይት መሙላትም እንዲሁ ነው። ዲፈረንሻሉ የሚፈልገው ጂ ኤል 5 የተባለውን የማርሽ ዘይት ነው፤ 80 ላይ ለፊቱ 2.8 ሊትር ይበቃል።

ሥራው ካለቀ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኳሱ ላይ ትንሽ ግሪስ ብቅ ቢል አትደንግጡ። አዲሱ መጥረጊያ ትርፉን እየጠረገ ነው። ሞዞው እንዳይግል አጭር መንገድ ነድታችሁ በእጅ ዳብሱት፤ ከሌላኛው ጎን በጣም ከበለጠ ኩሽኔታው ጠብቋል። ከአንድ ሺህ ኪሎሜትር በኋላ ደግሞ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ እንደገና ወዝውዙት፣ የዲፈረንሻሉን ዘይት ልክ እዩ፣ ያቺን አራት ማዕዘን ብሎን ፍቱና ሽቦ ክተቱ። ግሪሱ ወፍራም ሆኖ ከወጣ መልሳችሁ እሰሯት። ከቀጠነ ወደ ሺሞቹ ተመለሱ።